ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1880ዎቹ ዓመታት በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነትን ትምህርት ተከታትለው በቅኔ ሙያ ሠለጠኑ። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቃል መድገም ብቻ ሳይሆን የራሱን ቅኔ መቀኘት ይጠበቅበታል። ዮፍታሔ ከዚህ ያገኙት ልምድ ኋላ ላይ ለተውኔትና ለመዝሙር ድርሰቶቻቸው መሠረት ሆናቸው።

ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ በዘመናዊ ትምህርት ቤት በመምህርነት አገለገሉ። በዚያን ዘመን ተዋናይነትን ሙያው ያደረገ ሰው በአገሪቱ ስላልነበረ ተውኔቶቻቸውን ለሕዝብ ያቀረቡት በተማሪዎች ነበር። የሴቶቹንም ገጸ ባሕርያት ወክለው የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በመዝሙሩ ረገድ ደግሞ ከአርመናዊው የሙዚቃ መምህር ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር አብረው ሠሩ። በዚህ ዓይነት በቀለም ትምህርት ብቻ ተወስኖ የነበረው ተማሪ በአደባባይ ቆሞ ስለ አገሩ መናገርንና መዘመርን ተማረ።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ንብረታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ከጎንደር በኩል ወደ ሱዳን የሚወስደው ጥንታዊ መንገድ በመተማና በጋላባት አልፎ ገዳሪፍ ይደርሳል። ዮፍታሔም የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት በሱዳን ምድር ነው። ስደተኛ ከብቱንና እርሻውን ይዞ መሄድ አይችልም፤ በቃሉ ያጠናውን ግጥምና ዜማ ግን የሚነጥቀው የለም። ዮፍታሔም በችግር ላይ ሳሉ ብዕራቸውን አልጣሉም። አፋጀሽኝ የተባለው ተውኔታቸው በዚያ የመከራ ዘመን ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ከጠላት እጅ ነጻ ወጣች። ዮፍታሔም ወደ አገራቸው ተመልሰው መንግሥትን አገለገሉ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆዩ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። ከድርሰቶቻቸው አብዛኞቹ በሕይወታቸው ሳሉ አልታተሙም፤ ከፊሎቹም ጠፍተዋል።

የገዳሪፍ መንገድ ግን ከዚያ በኋላም ስደተኛ አላጣም። በ1977 ዓ.ም. በድርቅና በጦርነት ምክንያት፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና በጦርነት ምክንያት፣ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች ሰፍሯል። ከእነዚህም መካከል ትምህርታቸውን ያቋረጡ ብዙ ወጣቶች ነበሩ።

ዜማ ስደትን አያስቀርም፤ ግጥምም የተራበን ሰው አያጠግብም። ነገር ግን ሐዘኑን በቃል ቀርጾ ለጓደኛው ማሰማት የቻለ ወጣት ሸክሙን ብቻውን አይሸከምም፤ ማንነቱንም አይዘነጋም። የዮፍታሔ ሕይወት የሚያስረዳውም ይህንኑ ነው።