አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና የቃላት ሥር

ሰፈራችን ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ በሴባስቶፖል ይታወቃል። ታዲያ ጋፋት የሚባል ቋንቋም ነበር። በ1939 ዓ.ም. ገደማ ፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው ጎጃም ሄደው ሲፈልጉ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኙ። ዛሬ አንድም ተናጋሪ የለውም። ስለዚህ ዘንድሮ ቃል ጠብቀው ስላለፉ አንድ ሰው ልንጽፍ ወደድን።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሸዋ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ኢየሩሳሌም ተሻግረው ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀመጡ። እዚያ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና ሱርስት ተማሩ። ግዕዙን ከነዚህ ጋር ቢያስተያዩት ሥሩ አንድ ሆነ። እኛ እድርተኞች የምናውቀውን ቃል እንውሰድ። ግዕዝ ቀበረ ይላል፤ ዐረቡም ቀበረ፣ ዕብራዊው ቃቫር ይላል። ቀ፣ በ፣ ረ ሥር ናቸው። ቀብር፣ ቀባሪ፣ አስቀባሪ፣ መቃብር ሁሉ ከዚያው የበቀሉ ናቸው። የፈረንጁም እንዲሁ ነው፤ አባትን እንግሊዙ ፋዘር፣ ላቲን ፓተር፣ የሕንዱ ሳንስክሪት ፒታር ይላሉ። ሥራቸው አንድ ነው።

እኛ በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ስንገለብጥ እሳቱን ሰ እና ንጉሡን ሠ እንዳገኘን እንጽፍ ነበር። በግዕዝ ግን ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣች እንደሚባለው ወጣ ነው፤ ሰረቀ ማለት ሌባው ያደረገው ነው። ይህን ስናውቅ እንዲያው አፈርን።

መዝገበ ቃላቱን የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ሳይጨርሱት ቢሞቱ አደራው ለደቀ መዝሙራቸው ቀረ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በራስ ተፈሪ ተጠርተው አገራቸው ገቡ። የሕዝቅኤልን ትርጓሜ ሲያሰናዱም ያን አደራ አልጣሉትም። ነገር ግን መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው እንደገና ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። እሳቸውም በ1948 ዓ.ም. በራሳቸው ስም ሳይሆን በመምህራቸው ስም አሳተሙት። የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው ኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ አንድ አደራ አደረሱ። የጋፋት ቋንቋ ግን እንዲህ ያለ ወራሽ ከራሱ ልጆች አላገኘም። በየቤታችን ያሉ አረጋውያን የሚያውቁትን የዱሮ ቃል ልጆች በደብተር ይጻፉት። ሰው ቢሞት እድር አለው፤ ቃል ሲሞት ግን ለቅሶ የሚደርስለት የለም።