ብቃታቸውን ደግመው ያስመዘኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በጎንደር ተወለዱ። እ.ኤ.አ በ1868 ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው ሕንድ አገር አደጉ፤ ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸውም ከሁለት አሳዳጊ መኮንኖች ስም የተገኘ ነው።

እ.ኤ.አ በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ በተመረቁ ጊዜ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። በዲፕሎማቸው ለዓመታት ቢያገለግሉም ያ ይበቃኛል ብለው አልተቀመጡም። ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው እንደገና ተማሪ ሆኑ፤ ፈተናውንም አልፈው የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ያዙ። የሕክምና ተማሪ በሽታን መርምሮ የመለየት ችሎታውን ራሱ ሲገምትና ሌላው ሲመዝነው ውጤቱ ብዙ ጊዜ እንደማይገጥም በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። ሐኪም ወርቅነህ ግን በሌላው ሚዛን መመዘንን የመረጡት እነዚህ ጥናቶች ከመታሰባቸው በፊት ነው።

ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ከበርማ ተነሥተው አዲስ አበባ ሲገቡ ሴት አያታቸው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩዋቸው። አማርኛን ረስተውት ስለነበር የሕሙማኑን ቃል ለመረዳት ቋንቋውን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው፤ ይህም ከፈተናዎቻቸው ሁሉ የከበደው ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል። በ1952 በአዲስ አበባ ዐረፉ።