ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ሁለተኛ ወጥቶ የነበረው ወታደር

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሣ በባዶ እግር የተሮጠው የሮም ማራቶን ይታወሳል። ከዚያ በፊት አበበ የሌላ ሯጭ ተከታይ እንደነበር የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር። በነገሌ ቦረናና በደቡቡ ቆላ አድገው ጨዋታውን ላላዩ አንባቢያን፣ ገና ሩሯን በቆልማማ ዱላ እየመቱ የሚጫወቱት፣ ፈረንጆች ሆኪ ከሚሉት ጋር የሚቀራረብ ጨዋታ ነው። ግቦቹ አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች ስለሚራራቁ ዱላ ብቻውን አያዋጣም፤ መሮጥ ግድ ነው።

በ1944 ዓ.ም. ገደማ ክቡር ዘበኛን ተቀላቀለ። ከሱሉልታ ኮረብቶች አዲስ አበባ ድረስ እየሮጠ ሲመላለስ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ተመለከተው። የዘመኑ ሯጭ ግን ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. ገደማ በተካሄደው የጦር ኃይሎች ሻምፒዮና አበበ ዋሚን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ።

ዋሚ በመታመሙ አበበ በመጨረሻ ሰዓት ተተክቶ ሮም ሄደ የሚለው ትረካ እስከ ዛሬ ይነገራል። ትረካው ጣፋጭ ቢሆንም አበበን ያሳንሰዋል። ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ አዲስ አበባ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጽሞ ነበር፤ ይህም ኤሚል ዛቶፔክ ይዞት ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነው። ተራውን የጠበቀው ተዘጋጅቶ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ አዲሱ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ውድድሩ የተጠናቀቀው ምሽት ላይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተወሰደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ከሞሮኮው ራዲ ተነጥሎ አፈተለከ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድም አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመው።

በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ተራው ተገለበጠ። አበበ ታምሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን የክቡር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት መጋቢት በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን ቀስት ውርወራ ተማረ፤ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ በቀብሩ ላይ ተገኝተዋል።