የከሸፉ ምስሎች ያስተማሯት ሴት፦ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፎቶግራፍ ጥበብ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ሰዎች መካከል ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንዷ ናት። ይህች እንግሊዛዊት እ.አ.አ. በ1815 በሕንድ ካልካታ ተወለደች። ካሜራ በእጇ የገባው ግን በ1863 መጨረሻ፣ የ48 ዓመት እመቤት ሳለች ነበር። ባለቤቷ በሩቅ ሀገር በነበረበት ወቅት ሴት ልጇና የልጇ ባል ብቸኝነቷን እንዲያስረሳት ብለው ካሜራውን በስጦታ አበረከቱላት።

ስለ ሥራው የነበራት ዕውቀት እጅግ ጥቂት ነበር። በዋይት ደሴት፣ በፍሬሽዋተር መንደር በሚገኘው ቤቷ የከሰል ማከማቻውን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቱን ደግሞ ስቱዲዮ አደረገችው።

በዚያ ዘመን አንድ ምስል ለማግኘት መስታወቱ ኮሎዲየን የተባለ ፈሳሽ ይቀባል፤ በብር ውሕድ ይነከራል፤ ሳይደርቅም ወደ ካሜራው ገብቶ ወዲያው በኬሚካል ይታጠባል። ተነሺውም ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ጁሊያ የመጀመሪያ ምስሏን፣ የአንድ ገበሬን ፎቶግራፍ፣ እርጥቡን የመስታወት ገጽ በእጇ ነክታ አጠፋችው። ቀጥላ ሁለት ሕፃናትን ስታነሣ አንደኛው በሳቅ ፈነዳና ድካሟ ከንቱ ቀረ። በዚህ ተስፋ አልቆረጠችም። አንዲትን ልጅ ብቻዋን አስቀምጣ፣ ብትነቃነቅ ኬሚካሉም ጉልበቷም እንደሚባክን አስረዳቻት። በጥር 1864 የተነሣውን ያንን የአኒን ምስል የመጀመሪያ ስኬቷ አድርጋ ቆጠረችው።

ከስሕተቶቿ ሁሉ ግን አንዱን ልታርመው አልፈለገችም። ሌንሱን ስታስተካክል ምስሉ ጥርት እስኪል አትጠብቅም፤ ለዐይኗ ያማረ በመሰላት ቦታ ታቆመዋለች። በዚህም ምክንያት ምስሎቿ ለስላሳና ደብዘዝ ያሉ ሆኑ። የዘመኑ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ይህን እንደ ችሎታ ማነስ ቆጥረው ነቀፏት። እርሷ ግን የፊትን ውስጣዊ ስሜት የምትገልጽበት መንገድ አደረገችው። የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም በ1865 ሥራዎቿን ገዝቶ ለዕይታ አቀረበ፤ በ1868 ደግሞ ሁለት ክፍሎችን ለስቱዲዮ ፈቀደላት። ባለቅኔው ቴኒሰን፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኸርሸል እና ቻርልስ ዳርዊን በካሜራዋ ፊት ተቀምጠዋል።

በዚያው በ1868 ወደ ዋይት ደሴት ከመጡ እንግዶች አንዱ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነበር። አባቱ በመቅደላ ወድቀዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በጉዞ ላይ አርፈዋል። ጁሊያ የሰባት ዓመቱን ሙት ልጅ ለብቻውና ከአሳዳጊው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አነሣችው። የሌሎችን ፊት ለማየት በከሸፉ መስታወቶች የተማረችው ጥበብ ለእኛ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ፊት አቆየልን።

ጁሊያ በ1875 ከባለቤቷ ጋር ወደ ሴሎን፣ ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ ተሻገረች። በ1879 መጀመሪያም በዚያው አረፈች። ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ሀገሩን ዳግም ሳያይ፣ በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ ሀገር ሕይወቱ አለፈ።