ለአእምሮ ሕሙማን በር ያስከፈተው ክሊፎርድ ቢርስ

ከመካከላችን የአእምሮ ሕመም ያደረበትን ልጅ፣ ወንድም ወይም እናት በቤታቸው የሚያስታምሙ እኅቶች አሉ። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በግልጽ እንጠያየቃለን፤ ወደዚህኛው ሕመም ስንደርስ ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። በዚህ እትም ድምፁን ዝቅ ያላደረገ የአንድ አሜሪካዊ ሕይወት ልንነግራችሁ ወደድን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሊፎርድ ቢርስ በ1876 በኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ተወለደ። እዚያው በየል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1897 ተመረቀ። በመጀመሪያ በከተማው የግብር ሰብሳቢ ቢሮ በጸሐፊነት ሠራ፤ ቀጥሎ ኒው ዮርክ ሄዶ በሕይወት መድን ድርጅት ተቀጠረ። እንደ እኛ የሒሳብ ሠራተኞች ከቁጥርና ከመዝገብ ጋር የሚውል ሰው ነበር።

ተማሪ ሳለ ታላቅ ወንድሙ የሚጥል በሽታ በሚመስል ሕመም ተያዘ። ክሊፎርድ ይኸው ሕመም ለእሱም እንደማይቀርለት አመነ፤ ፍርሃቱንም ለማንም ሳይናገር ለዓመታት ተሸከመው። በ1900 ፍርሃቱ አሸነፈውና ከቤተሰቡ ቤት መስኮት ራሱን ጣለ። እግሩ ተሰብሮ በሕይወት ተረፈ።

ከዚያ በኋላ እስከ 1903 ድረስ በሦስት የአእምሮ ሆስፒታሎች ቆየ። ሊጠይቁት የሚመጡት ዘመዶቹ እነሱን መስለው የቀረቡ ሰላዮች መስለውት ስለነበር ወንድሙን ጆርጅን እንኳ አላምን አለ። በ1902 ግን አንድ መፈተኛ አሰበ። ለጆርጅ ደብዳቤ ጽፎ፣ ሲመጣ ያንኑ ደብዳቤ ይዞ እንዲመጣ ጠየቀ። ጆርጅ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ መጣ፤ ክሊፎርድም ወንድሙን አወቀ። ተስፋ ሳይቆርጥ የተመላለሰ ወንድም ባይኖር ይህች ቀን አትመጣም ነበር።

ሕመሙ ግን በዚያ አላበቃም። ከከባድ ትካዜ ወጥቶ ልክ ወደሌለው ደስታና ችኮላ ተሻገረ። በዚህ ጊዜ እጅን ከገላ ጋር ጠፍሮ በሚይዝ ጠባብ ልብስ ታስሮ ብዙ ሌሊት አደረ፤ በአስታማሚዎች ተደበደበ፤ በብርድ ክፍል ተቆለፈበት። በርኅራኄ የያዙት አስታማሚዎችም ስለነበሩ፣ ሌላ ዓይነት አያያዝ እንደሚቻል በዓይኑ አየ። የሚያየውን ሁሉ ይጽፍ ጀመር፤ ለግዛቱ ገዥ ሳይቀር ደብዳቤ ላከ።

ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ሥራ ሲመለስ ያለፈውን ደብቆ መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን በ1908 የደረሰበትን ሁሉ በስሙ በመጽሐፍ አሳተመ። ታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ ጽሑፉን አንብቦ ደገፈው። በዚያው ዓመት የኮነቲከት የአእምሮ ጤና ማኅበርን፣ በ1909 ደግሞ አገር አቀፍ ኮሚቴውን መሠረተ።

ለጋሾቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። በመጽሐፉ የተደነቁ ብዙዎች ቢሆኑም ገንዘብ ለማውጣት ግን ዘገዩ። ቢርስ ሥራውን በብድር አስቀጠለ፤ ዕዳውም በራሱ ላይ ተከመረ። ዊሊያም ጄምስ 1,000 ዶላር ሰጠ፤ በኋላም ሄንሪ ፊፕስ የተባለ ባለጸጋ 50,000 ዶላር ሲለግስ ኮሚቴው በእግሩ ቆመ። ይህ ሕመም እንደ ቁስል ስለማይታይ የልገሳ ወረፋው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

በ1913 በኒው ሄቨን አንድ ክሊኒክ ከፈተ። በአሜሪካ ለአእምሮ ሕመም የተመላላሽ ሕክምና የሰጠ የመጀመሪያው ክሊኒክ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ታካሚው ከቤቱ መጥቶ፣ ታይቶና ተመክሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሕመሙ ሳይጠና ይደረስበታል፤ ሰውየውም ከቤተሰቡና ከእንጀራው አይለይም። ክሊኒኩ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ ሕፃናትንና ቤተሰቦችን ያገለግላል። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በመላ አገሪቱ የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላት እንዲቋቋሙ የሚያግዝ ሕግ ፈረሙ።

ቢርስ በ1912 ክላራ ጄፕሰንን አገባ። ሕመሙ በዘር ይተላለፋል ብለው ስለፈሩ ልጅ አልወለዱም። በ1939 ሕመሙ ተመልሶበት ሆስፒታል ገባ፤ በ1943 እዚያው አረፈ። ማገርሸቱ ሥራውን ከንቱ አያደርገውም። ስኳር ያለበት ሰው ዕድሜ ልኩን እንደሚታከም ሁሉ፣ የአእምሮ ሕመምተኛም በየጊዜው የሚሄድበት ቅርብ በር ያስፈልገዋል። እሱ የመሠረተው ንቅናቄ ወራሾች በ1953 ሕሙማን የታሰሩበትን ሰንሰለት አቅልጠው ደወል አሠርተዋል።

እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ አባላት ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሕመምተኛ ለሚያስታምሙ እኅቶች የሕክምና መመላለሻና የመድኃኒት ወጪ የሚሆን መደብ በበጀታችን ይያዝ። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በመዝገባችን ላይ በግልጽ ስሙ ይጻፍ፤ የሚያስፈልጋት እኅትም ሳታፍር ትጠይቅ።