ሪቻርድ ሃሚንግ፤ የስሕተትን ሥፍራ የፈለጉ ሊቅ

ኮምፒዩተር በድንገት ሲቆም በመጀመሪያ የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። እንደ ሶደሬ ባለ ሞቃት የስምጥ ሸለቆ ሥፍራ፣ የቀኑ ግለት የማቀዝቀዣውን አቅም በሚፈታተንበት፣ ጕድለቱ የፕሮሰሰሩ ሆኖ ሳለ ሶፍትዌሩ ያለ ጥፋቱ ተደምስሶ እንደገና ሊጫን ይችላል። ከመፍረድ በፊት የስሕተቱን ሥፍራ መፈለግ እንደሚገባ በሥራቸው ያሳዩት የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ሃሚንግ ናቸው።

ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1915 በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። በ1942 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በ1945 በሎስ አላሞስ የአቶሚክ ቦምቡን ስሌት በሚያካሂዱት መሣሪያዎች ላይ ከሠሩ በኋላ፣ በ1946 ወደ ቤል ላቦራቶሪዎች ተዛወሩ።

በዚያ የሚጠቀሙበት ኮምፒዩተር በሪሌይ የሚሠራ ነበር። በሥራ ቀን ስሕተት ሲያገኝ ቆሞ ሠራተኞችን ይጠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ተቆጣጣሪ ስለማይኖር የተሰናከለውን ስሌት ትቶ ወደ ተከታዩ ያልፋል። ሃሚንግ ሰኞ ሲመለሱ ሥራቸው ተጥሎ አገኙት፤ በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ ሆነ። በዚህ ተበሳጭተው፣ መሣሪያው ስሕተት መኖሩን ማወቅ ከቻለ ሥፍራውን ለይቶ የማያርምበት ምክንያት ምን እንደሆነ ራሳቸውን ጠየቁ።

መልሳቸው በ1950 ታተመ። በዘዴያቸው አራት የመረጃ ቢቶችን ሦስት መቆጣጠሪያ ቢቶች ያጅቧቸዋል፤ እያንዳንዱም መቆጣጠሪያ የየራሱን ቡድን ይጠብቃል። አንድ ቢት ሲገለበጥ፣ የትኞቹ ቡድኖች እንደተዛቡ በማየት ብቻ የተበላሸው ቢት ይታወቃል።

ዛሬ በሰርቨሮች ውስጥ 64 የመረጃ ቢቶችን በ8 መቆጣጠሪያ ቢቶች መጠበቅ የተለመደው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ዘዴው አንድ ስሕተት ያርማል፣ ሁለት ስሕተት ይለያል። ሊታረም የማይችል ስሕተት ሲገጥመው ፕሮሰሰሩ ለከርነሉ ያስታውቃል፤ ከርነሉም የተበላሸው መረጃ እንዳይዛመት ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በፕሮሰሰሩ ሬጅስተሮች የሚቀረው መዝገብ ስሕተቱ የታየው በካሽ፣ በሜሞሪ ወይም በመገናኛ መሥመር መሆኑን ይጠቁማል። ባለሙያው ይህን ካነበበ በኋላ ሙቀቱንና የኤሌክትሪክ ኃይሉን ይፈትሻል፤ ፕሮሰሰሩን ወደ ሌላ ተስማሚ መሣሪያ አዛውሮም ስሕተቱ ተከትሎት እንደሄደ ያረጋግጣል።

ሃሚንግ በ1968 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበሉ። ከ1976 ጀምሮ በሞንተሬይ በባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1998ም ዐረፉ። የቆመ መሣሪያ የተወውን መዝገብ ሳያነብ የሚያጠፋ ባለሙያ፣ እርሳቸው ሊያስቀሩት የደከሙለትን ኪሳራ በገዛ እጁ ይመልሰዋል።