ንግሥት መስቀል ክብራ፤ ሕይወቷና የጥንቱ ውበት ጥያቄ

የሠርግ ወራት በደረሰ ቁጥር ለሙያችን ባልደረቦች ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ የጥንት ንግሥት መልክ ነው። ሙሽራዪቱ ዓይኗን በዛሬው ቀለም ተኩላ፣ ፀጉሯን የቀድሞውን ሹሩባ ተሠርታ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየቻትን ንግሥት መምሰል ትሻለች። በላስታ ምድር ከእነዚህ ንግሥታት ሁሉ ስሟ አብልጦ የሚነሣው የቅዱስ ላሊበላ ባለቤት መስቀል ክብራ ናት። መልኳን ልቅዳ የሚል ባለሙያ ግን አስቀድሞ ማን እንደ ነበረች ሊያውቅ ይገባዋል።

መስቀል ክብራ የኖረችው በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ፣ የዛጉዌ ነገሥታት ከላስታ ሆነው አገር በሚገዙበት ዘመን ነው። ስሟ መስቀል ክብሯ መሆኑን ያመለክታል። ገድሉ እንደሚተርከው ላሊበላ ገና ሳይነግሥ በወንድሙ በሐርቤ ቤተ መንግሥት ቅናት ስለ ተነሣበትና መርዝም ስለ ተሰጠው ተሰዶ ሳለ፣ በመልአክ ትእዛዝ አገባት። እንግዲህ ትዳሯ የተጀመረው በዙፋን ላይ ሳይሆን በስደት ነው።

ከነገሠ በኋላም ንግሥቲቱ በእልፍኝ ተወስና አልቀረችም። በእስክንድርያ የፓትርያርኮች ታሪክ እንደ ተመዘገበው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ከግብፅ የመጣው ጳጳስ አባ ሚካኤል ወንድሟን ሒሩንን ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ የሾመው በእርሷ ጥያቄ ነበር። ከዚያም በጳጳሱና በሒሩን መካከል ጠብ ተነሥቶ፣ ጳጳሱ አገሩን ትቶ ወደ ግብፅ ተመለሰ። ነገሩ ለወገን በማድላት ሊያስወቅሳት ይችላል። ሆኖም ቃሏ በቤተ ክህነት ሹመት እንኳ ምን ያህል ይሰማ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ከውጭ አገር የመጣ ምስክርነት ነው።

በአገሬው ዘንድ ከሁሉ የሚወሳላት ግን የላሟ ታሪክ ነው። ላሊበላ በንግሥቲቱ ምክር ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ ለቀቀ ይባላል። 18 ወር ያህል ካለፈ በኋላ የአዲሱ ንጉሥ ጭፍሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሥ ማዕድ ነድተው ወሰዱ። መስቀል ክብራ ይህን በሰማች ጊዜ ምክሯን ለውጣ፣ ባሏ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ አደረገች። የታሪክ ሊቃውንት ከዚህ ትውፊት በስተጀርባ የሥልጣን ሽኩቻ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታሉ፤ ሕዝቡ ግን ታሪኩን ያቆየው ስለ ድኻው ላም ነው።

ላሊበላ ባረፈ ጊዜም ንግሥቲቱ በመላእክት ረዳትነት የቤተ አባ ሊባኖስን ቤተ ክርስቲያን በአንዲት ሌሊት ለመታሰቢያው እንዳሠራች ይነገራል። ይህ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያው ከዐለቱ ተፈልፍሎ ሲለይ ጣሪያው ብቻ ከተራራው ጋር እንደ ተያያዘ የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሌሎቹ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አሁን ወደ መልኳ እንመለስ። በየቤተ ክርስቲያኑ የምናያቸው የንጉሡና የንግሥቲቱ ሥዕሎች ከእነርሱ ዘመን ብዙ ቆይተው የተሣሉ ናቸው፤ የሚያሳዩትም የሠዓሊውን ዘመን ልብስና ጌጥ ነው። በጥቁር መሥመር የተከበበው ትልቁ ዓይንም ስለ ኩል ምስክር ሊሆን አይችልም። ይህ የጥንቱ ሠዓሊ ሥርዓት በመሆኑ ሰማዕቱ ጊዮርጊስም ሆነ ሽማግሌዎቹ ቅዱሳን በዚያው መሥመር ተሥለዋል። ስለዚህ ለደንበኛ የመስቀል ክብራ መልክ ይህ ነው ብሎ መስጠት ያልታወቀውን እንደ ታወቀ አድርጎ መሸጥ ነው። በሥዕሉ ተመርተን የሠራነው ነው ማለት ግን እውነትም ነው፤ ሙያውንም አያሳንሰውም።

የእውነተኛው ውበት ወግ በሕይወት ያለው ከሥዕሉ ይልቅ በላስታ ልጃገረዶች ዘንድ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በአሸንድዬ በዓል ሹሩባ ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ድሪና አልቦ አድርገው፣ የአሸንድዬውን ቅጠል በወገባቸው አስረው በከበሮ ይጫወታሉ። ጸጉርን በአደስ ቅቤ መቀባት፣ እጅና እግርን እንሶስላ መሞቅ፣ አንገትንና ድድን መነቀስ በሰሜኑ አገራችን እናቶች ለረጅም ዘመን ያቆዩት ጥበብ ነው።

ይህን ጥበብ ከዛሬው ሙያ ጋር ስናዋሕድ የሚቀዳውና የሚቀረው መለየት አለበት። በልዩ ልዩ አገሮች ገበያ የሚሸጥ ኩል ሲመረመር እርሳስ የተባለው ማዕድን በብዛት ተገኝቶበታል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮና በማሕፀን ያለን ፅንስ የሚጎዳ መርዝ ነው። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩል በመዋቢያ ውስጥ ቀለም ሆኖ እንዲገባ አይፈቅድም። ስለዚህ የኩሉን ቅርጽ እንያዝ፤ ቀለሙን ግን ከተመረመረ የዓይን እርሳስ እንውሰድ። ሹሩባውም ከግንባር ላይ እጅግ ጠብቆ ሲሠራ የጸጉርን ሥር ይነቅላልና፣ ለአንድ ቀን ውበት የዓመታት ጸጉር እንዳይጠፋ እጃችንን ማላላት ይገባናል። በአንድ መርፌ ብዙ ሰው መንቀስም በደም የሚተላለፍ በሽታን ስለሚያዛምት፣ የንቅሳቱ ጌጥ በሚታጠብ ቀለም ቢሣል ይመረጣል።

መስቀል ክብራን ስምንት መቶ ዓመት ያሻገራት የፊቷ መልክ አልነበረም። ሕዝቡ ያልረሳት በስደት ስለ ጸናችው ትዳሯና ስለ ድኻው ላም ባሳየችው ቁጣ ነው። በስሟ የምናስውባት ሙሽራ በሠርጓ ማግስት ዓይኗም ጸጉሯም ጤነኛ ሆኖ ብትነሣ፣ ያን ጊዜ ለንግሥቲቱ የሚገባ ሥራ ሠራን ማለት ይቻላል።